«በእኔ አንገት» ብለው ይግቡ

ተረት ተረት።
የሣር ክዳን፣ የጭቃ ቤት።
ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ እንቅልፍ የያዘው ወደ ግድግዳው ይጠጋ። እኔ ጀምሬያለሁ።

ዱሮ ዱሮ፣ ሰው በመሐላ ይታሰር በነበረበት ዘመን፣ ነፋስ በማይለየው አንድ አምባ ላይ እንየው የሚባል ጣራ ከዳኝ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሷ ሰንበሌጥ ታጭዳለች፣ እሱ ይከድናል። እሷ ከታች ታቀብላለች፣ እሱ ከላይ ያስራል። እንየው የከደነው ቤት አያፈስም ይባል ነበር።

እንየው ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን ቶሎ እሺ የሚል ደግነት ነው። አንጓች የተሟጋች ልጅ ናት። አባቷ ከችሎት ችሎት ሲዞር ስንቁን ተሸክማ እየተከተለች ነው ያደገችው። ቃል እንዴት እንደሚቋጠር፣ እንዴትም እንደሚፈታ ታውቃለች። ግን ሴት ናትና ማንም ጠይቋት አያውቅም።

በዚያ አገር ደግሞ ላቀው የሚባል አጋፋሪ ነበረ። ቤቱን ማስከደን የፈለገ ወደ ላቀው ይሄዳል። መክደን የሚችልም ወደ ላቀው ይሄዳል። ከላቀው እጅ ያላለፈ ሥራ የለም። ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ሌላ ሰው ነው፤ ምስጋናውን የሚቀበለው ላቀው ነው። የሰባው ሙክት የሚነዳው ወደ ላቀው በረት ነው። ለከዳኙ የሚደርሰው ከላቀው የተረፈው ነው።

አንድ ዓመት አዝመራው ከሸፈ። እንየውና አንጓች ጎተራቸው ባዶ ሆነ። እንየው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ አጋፋሪ ላቀው ደጅ ሄደ። አንጓችም ተከትላው ሄዳ ከአጥሩ ጥግ ቆመች።

«ሥራ ይስጡኝ ጌታዬ» አለ እንየው።

«ሥራ ሞልቷል» አለ ላቀው። «ግን በእኔ በኩል የሚሠራ ሁሉ ይምላል። ልማዱ ነው። በል፣ እነዚህ ደጄ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይስሙ፤ እጅህን አንገትህ ላይ አድርግና ተከተለኝ። ንጉሥ ይሙት!»

«ንጉሥ ይሙት» አለ እንየው።

«ከላይ የሚመጣ ጉዳት ሁሉ በእኔ አንገት።»

«ከላይ የሚመጣ ጉዳት ሁሉ በእኔ አንገት።»

«ከታች የሚነሣ ጉዳት ሁሉ በእኔ አንገት።»

«ከታች የሚነሣ ጉዳት ሁሉ በእኔ አንገት።»

«አጋፋሪ ላቀው እስኪፈታኝ ድረስ፣ የሚሰጠኝን ሥራ እንቢ አልልም።»

እንየው ይህንንም ደገመው። አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም።

በእኔ አንገት ማለት፣ ልጆቼ፣ ጉዳት ቢደርስ ካለኝ እከፍላለሁ፤ ከሌለኝ ራሴን እሰጣለሁ ማለት ነው። በንጉሥ ስም የተማለ ደግሞ አይካድም።

አንጓች ከአጥሩ ጥግ ወደ ፊት ራመድ አለች።

«ጌታዬ» አለች። «ከላይ የሚመጣው የሱ ከሆነ፣ ከታች የሚነሣውም የሱ ከሆነ፣ የእርስዎ የቱ ነው?»

ላቀው ሣቀ። «የእኔማ ሥራውን ማምጣት ነው» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ አንጓች ከኋላ ከኋላ ነበር የምትሄደው።

«መሐላው ሰፋ እንየው» አለችው። «ጋቢ ቢሆን አገር ያለብሳል።»

«ቃል ነው እኮ። ሁሉም እንዲህ ምሎ ነው የሚገባው።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» አለች።

መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የአንድ ነጋዴ ቤት ነበር። እንየው ከደነ፣ አሳምሮ ከደነ። ነጋዴው ተደሰተ፤ ላቀው ተመሰገነ። ወር ሳይሞላ ሰማይ ጠቆረና በረዶ ወረደ። የሰው ጡጫ የሚያህል በረዶ! በግ ገደለ፣ ዛፍ ላጠ፣ በአምባው ላይ ያልበሳው ጣራ አልቀረም። የነጋዴውንም ጣራ በሳው።

ላቀው ሎሌዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ጣራው ተበስቷል» አለ።

«በረዶ ነው ጌታዬ» አለ እንየው። «የእርስዎንም ጣራ በስቶታል።»

«በረዶው ከየት መጣ?»

«ከላይ።»

«ከላይ የሚመጣስ በማን አንገት ነው?»

እንየው መሬት መሬት አየ። «በእኔ አንገት» አለ።

ዳልቻን ፈትተው ነዱት። ዳልቻ የእርሻ በሬያቸው ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ጥማዱ ጎደለ። አንጓች በረቱ ደጅ ላይ ቆማ፣ በሬው ዘወር እያለ ሲያያት፣ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ሁለተኛ የተሰጠው ሥራ የአንድ ባላባት ቤት ነበር። እንየው ከደነ፣ ከበፊቱም አሳምሮ ከደነ። ባላባቱ ልጁን ዳረበት። በሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ችቦ አቀጣጥለው፣ ጠጅ ራሳቸው ላይ ወጥቶ፣ ከቤት ውስጥ ገብተው ጨፈሩ። አንዷ አሳላፊ «ኧረ ችቦውን ከጣራው አርቁት!» ብላ ጮኸች። ላቀው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። «ተያቸው ይጫወቱ፤ ጣራው ዋስ አለው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ጣራው ተያያዘ። ሰው ተጋፍቶ ወጣ፣ እግዜር አተረፈው፤ ቤቱ ግን ዐመድ ሆነ። ይህን ሁሉ ለአንጓች የነገረቻት ያችው አሳላፊ ናት።

ላቀው ሎሌዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ጣራው ተቃጥሏል» አለ።

«ሚዜዎቹ በችቦ ነው ያቃጠሉት ጌታዬ» አለ እንየው።

«እሳቱ ከየት ተነሣ?»

«ከታች።»

«ከታች የሚነሣስ በማን አንገት ነው?»

አንጓች ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «ችቦ የያዙት አልተጠየቁም?» አለች። «ተዉ ያላሏቸው ባላባት አልተጠየቁም?»

«እነሱ አልማሉም» አለ ላቀው።

እንየው መሬት መሬት አየ። «በእኔ አንገት» አለ። የወንዝ ዳር መሬታቸውን ያዘባቸው። ጎጆዋ ብቻ ቀረቻቸው።

አንጓች ያን ሰሞን ማጭዷን ይዛ ሰንበሌጥ ታጭድ ነበር፤ የሌላ ሰው ሰንበሌጥ፣ ለሌላ ሰው። እያጨደች ታስባለች። ከበሬውና ከመሬቱ ይልቅ የጠዘጠዛት አንድ ቃል ነው። ጣራው ዋስ አለው። እነዚያ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም ቤት ያቃጠሉት። ቢቃጠል የሚያንገበግበው የሌላ ሰው ሆድ ስለሆነ ነው። እሳት የማይፈራ ሰው ከእሳት ይከፋል ብላ አሰበች።

ሦስተኛው ሥራ የንጉሡ አዳራሽ ሆነ።

ላቀው እንየውን አስጠራውና እንዲህ አለው፦ «ንጉሡ ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ አስከድናለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የምትከድነው አንተ ነህ።»

«ጌታዬ፣ ይፍቱኝ። የቀረኝ ነገር የለም።»

«አንገት አለህ» አለ ላቀው። «በሬህን ወሰድኩ፣ መሬትህን ወሰድኩ። ይህ ሦስተኛው ከጠፋ አንተን እወስዳለሁ። ዕድሜ ልክህን የእኔ ከዳኝ ትሆናለህ። ለምነህ አትወጣም፣ ሠርተህ አትወጣም።»

ይህን ሲል ድምፁ እንደ ለጋ ቅቤ ለስላሳ ነበር። እንየው ያኔ ነገሩ ገባው። ሰውየው የሚፈልገው ጣራው እንዲድን አልነበረም።

በጋውን ሙሉ ከደኑ። አዳራሹ ከጫፍ ጫፉ ሰው ቢጣራ የማያሰማ ነው። እንየው ቋጠሮውን እየቋጠረ ይስባል፣ ፈትቶ እንደገና ይቋጥራል። እጁ ተሰነጣጠቀ። ጉልላቱ የቆመ ዕለት ከአምባው ሥር ያሉ ሰዎች ቀና ብለው አይተው «እሰይ!» አሉ። እንየው ግን አልሣቀም። ሣሩ ደርቋል። ነፋሱ ሌት ተቀን ያፏጫል። ሰንበሌጡ በነፋሱ ሲንሿሿ አንድ ነገር የሚያንሾካሹክ ይመስለው ነበር።

የግብሩ ዋዜማ እንየው ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ ቤቱ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አለችው አንጓች።

«ላቀው ምድጃዎቹን ከአዳራሹ ውስጥ አስተከላቸው። ደጅ ነፋስ ነው፣ እሳቱ አይጸናም ብሎ። አዳራሹም መስኮት የለው፣ ጨለማ ነው ብሎ በየምሰሶው ችቦ እንዲሰካ አዘዘ።»

«ሣሩ ደረቅ ነው አላልከውም?»

«አልኩት። 'ምን አስጨነቀኝ፣ በማን አንገት ነው?' አለኝ።»

ተቀመጠ። ተነሣ። እንደገና ተቀመጠ።

«እንጥፋ አንጓች» አላት።

«በንጉሥ ስም የማለ ወዴት ይጠፋል? የሄድንበት አገር ሁሉ የንጉሥ አገር ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ያን ቀን እራት ቀርቦ ሳይነካ ተነሣ።

በነጋው፣ ሰዉ ገና ለግብሩ ሲለባብስ፣ አንጓች መቀነቷን አጥብቃ ታጠቀች። ዱላ አልያዘችም፤ ድንጋይ አላነሣችም። ወደ አዳራሹ ወጣችና በበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። አዳራሹ ያለው አንድ በር ነው።

መጀመሪያ የመጡት እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው። ከኋላቸው ፍም በገል የያዙ ሴቶች አሉ።

«በሕግ አምላክ!» አለች አንጓች።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም። ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ምን ሆንሽ እናቴ?» አሉ ከፊት ያሉት ሽማግሌ። «እኛ ታዘን ነው።»

«አልከለክልም አባቴ። ግቡ። ግን ደፉ ላይ ቆማችሁ አንድ ቃል በሉልኝ። 'ከዚህ እሳት የሚነሣ ጉዳት በእኔ አንገት' በሉና ግቡ።»

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። ሽማግሌው ቀና ብለው ያን የሚያህል ጣራ አዩት።

«እኔ እንጨት እሸከማለሁ እንጂ አዳራሽ አልሸከምም» አሉና ሸክማቸውን ከመሬት አወረዱ። ሌሎቹም አወረዱ።

ቀጥሎ የመጣው የዘበኞቹ አለቃ ነው። ቁመቱ ዘንግ፣ ድምፁ ነጎድጓድ። ጅራፉን እየጎተተ መጣ።

«ሴትዮ፣ ተነሺ!»

«በሕግ አምላክ!»

«እኔን ነው በሕግ አምላክ የምትይኝ?» ጅራፉን አነሣ። አንጓች ዐይኗን ከጅራፉ ላይ አልነቀለችም።

«ይምቱኝ። ጎትተውም ያውጡኝ፤ ጉልበት አለዎት። ሲገቡ ብቻ 'በእኔ አንገት' ብለው ይግቡ።»

ጅራፉ አየር ላይ ቆየ። ነፋሱ መጣ፤ ሰንበሌጡ ተንሿሿ። ከሴቶቹ ገል አንድ ፍንጣሪ ተነሥቶ በአለቃው ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። አለቃው ፍንጣሪውን ተከትሎ አየና ጅራፉን ዝቅ አደረገ።

«እኔ የታዘዝኩት በር ጠብቅ ተብዬ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ይኸው በር እየጠበቅሁ ነው።» አለና ከአንጓች ጎን ተገትሮ ቆመ።

ሦስተኛ የመጣው ራሱ ላቀው ነው። እየሮጠ መጣ። ሜዳው በእንግዳ ሞልቷል፤ መኳንንቱ ከበቅሏቸው እየወረዱ ነው። በር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እኅቴ» አላት። ከዚያ በፊት እኅቴ ብሏት አያውቅም። «በሬሽን እመልስልሻለሁ። ዳልቻን። አሁኑኑ ተነሺ።»

ልጆቼ፣ ልቧ ዘለለ። ዳልቻ ዘወር እያለ ያያት ትዝ አላት። ክረምት መጣሁ እያለ ነው፤ ማሳው አልታረሰም። እሺ ለማለት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እንየውም አንድ ቀን በአንድ ቃል ነው የገባበት።

«እንየው ከሌለ በሬውን ማን ይጠምደዋል?» አለች።

ላቀው ቀና አለ። ለስላሳው ድምፁ ጠፋ። «ባልሽን ዛሬውኑ በእግር ብረት አስገባዋለሁ! አንቺንም ምላስሽን አስቆርጣለሁ!»

«በእኔ አንገት ይበሉና ይግቡ» አለች አንጓች። «ቀላል ነው። ባሌ ሲል አይተዋል።»

ላቀው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። በእኔ አንገት አላለም፤ አልገባምም።

በዚህ መሐል ነጋሪቱ ተመታ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ንጉሡ መጡ።

ንጉሡ ሽማግሌ ናቸው። መንገድ አድክሟቸዋል፤ ረሃብም ይዟቸዋል። መኳንንቱ ከነካባቸው ነፋስ ላይ መቆማቸውን ሲያዩ የንጉሡ ፊት ጠቆረ።

«እንግዳዬን ደጅ ያቆመ ማነው?» አሉ።

«ጃንሆይ፣ አንዲት ያበደች ሴት ናት» አለ ላቀው። «አሁን አስነሣታለሁ።»

«ያበደች ሴት ዘበኛዬን ከጎኗ አቆመች?»

አለቃው አቀረቀረ። አንጓች ከደፉ ላይ ተነሥታ ወደ ፊት ወደቀችና መሬት ሳመች።

«ጃንሆይ» አለች። «ቤቱ የእርስዎ ነው። ማን ይከለክልዎታል? ግን የባሌ አንገት እዚህ ደፍ ላይ ተጋድሟል። ሳያውቁ እንዳይረግጡት ብዬ ነው።»

«የማን አንገት?»

«የከዳኙ የእንየው።»

ንጉሡ እንየውን አስጠሩት። ከሰዉ ኋላ ነበረ። መጥቶ ከሚስቱ ጎን ተንበረከከ። መሐላውን በልና ድገመው አሉት፤ ደገመው። ከላይ የሚመጣው። ከታች የሚነሣው። እንቢ አልልም ያለውን። በረዶውን ነገራቸው፣ ችቦውን ነገራቸው። ምንም አልጨመረበትም።

ንጉሡ ወደ ላቀው ዞሩ።

«በእኔ ስም ነው ያስማልከው?»

«ልማድ ነው ጃንሆይ። ከዳኝ ሁሉ ይምላል።»

«እሳቱን ከውስጥ አድርጉ ያለውስ ማነው? ከዳኙ ነው?»

«እኔ ነኝ ጃንሆይ። ነፋስ ነው ብዬ…»

«መልካም። እንግዲህ ያዘዝከው አንተ ነህ። ችቦ ያዝና 'በእኔ አንገት' ብለህ ቀድመኸኝ ግባ። እኔ እከተልሃለሁ።»

ችቦ አምጥተው አስያዙት። ላቀው ችቦውን ይዞ እስከ ደፉ ሄደ። ነፋሱ መጣ። ነበልባሉ ተንቦገቦገ፤ ፍንጣሪው ወደ ጣራው ክፈፍ በረረና ሳይደርስ ጠፋ። ላቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ይህን ያላየ ሰው አልነበረም።

«ለምን ወደ ኋላ አልክ?» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ…»

«ለምን ወደ ኋላ አልክ?»

«ጃንሆይ… ይቃጠላል።»

ላቀው ያለውን ያወቀው ካለው በኋላ ነው።

«ይቃጠላል?» አሉ ንጉሡ ቀስ ብለው። «እንደሚቃጠል እያወቅህ እኔን ልታስቀምጥበት ነበር? እንግዳዬን ሁሉ ልታስቀምጥበት ነበር? የከዳኙን አንገት ስለያዝክ የእኔን አንገት ረሳኸው?»

ላቀው በግንባሩ ተደፋ።

ከዚያ ንጉሡ ማንም ያላሰበውን አደረጉ። ወደ ደፉ ወጡ። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ። «ቤቱ የእኔ ነው» አሉ። «ግብሩ የእኔ ነው። እሳቱም የእኔ ነው። በእኔ አንገት።»

ይህን ብለው እንደጨረሱ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ጣራውን አዩና ጮኹ፦ «እሳቱን አርቁ! ምድጃውን ንቀሉ! ያን ችቦ አጥፉልኝ!»

አያችሁ፣ አንገቱ የራሳቸው ሲሆን መጀመሪያ የታያቸው እሳቱ ነው።

የዚያን ዕለት ግብር ከገደሉ ሥር፣ ከነፋስ ከለላ ባለበት ሜዳ ላይ ተበላ። ወጡ ዘገየ፤ እንጀራውም አቧራ ገባበት። ያጉረመረመ ግን አልነበረም።

ሰዉ ከበላ በኋላ ንጉሡ ለፍርድ ተቀመጡ።

«በሬው ይመለስ» አሉ። «መሬቱም ይመለስ። እንየው፣ ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ፤ በስሜ የታሰረ በእኔ ይፈታል። ከእንግዲህ ከዳኝ የሚምለው እንዲህ ብሎ ነው፦ ቋጠሮዬ ቢላላ፣ ሣሬ ቢሳሳ፣ እጄ ያጠፋውን እጄ ያቃናል። በረዶውን ለላከው ለእግዜር ተዉት። እሳቱን ለጫረው ተዉት።»

ቀጥለው ስለ ላቀው ጠየቁ። አንዱ መኰንን ይገረፍ አለ። ሌላው ይጋዝ አለ። ንጉሡ ወደ አንጓች ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አንጓች አሰበች። ጅራፍ አየር ላይ ሲቆይ ምን እንደሚመስል ከጧት አይታለች።

«ግርፋት አልሻም ጃንሆይ» አለች። «መሐላውን ለአንድ ክረምት ይቅመሰው።»

ንጉሡ ከልባቸው ሣቁ። ላቀው እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ማለ። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ፣ በዚህ አምባ ላይ ጣራ ቢያፈስ፣ ከላይ ቢመጣ ከታች ቢነሣ፣ በእኔ አንገት አለ። ቃሉ አሁን አልቀለለውም፤ በየመሐሉ ያቆም ነበር።

ክረምት ገባ። የዚያ ዓመት ክረምት ደግሞ ጉድ ነበር። ሲነጋ «አጋፋሪ፣ ያፈሳል!» ይባላል። ቀትር ላይ «አጋፋሪ፣ ዘመመ!» ይባላል። ላቀው ሰንበሌጥ ተሸክሞ ከጣራ ጣራ ሲወጣ፣ ሲንሸራተት፣ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ አገሩ አየው። አንዲት ባልቴት ደግሞ ፍየሌ ክዳኔን በላችው ብለው አስጠሩት።

«ፍየሏ የእርስዎ አይደለችም እንዴ እማማ?» አለ ዝናብ ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ።

«የእኔ ናት ልጄ። አንተ አልማልክም?» አሉት።

እንየው ደግ ነው አላልኳችሁም? አንድ ቀን ላቀው ጣራ ላይ ሆኖ ቋጠሮው እንቢ ሲለው አየና ነጠላውን ጣለ፤ ሊወጣለት።

«ወዴት ነው?» አለችው አንጓች።

«ያሳዝናል እኮ።»

«ቋጠሮውን አሳየው። ሸክሙን ግን አትሸከምለት።»

እንየው ከታች ሆኖ በእጁ አሳየው። ላቀው ከላይ ሆኖ አየ፣ ቋጠረ፣ ፈታ፣ እንደገና ቋጠረ። ያ ጣራ አላፈሰም ይባላል። መስከረም ሲጠባ ላቀው አጋፋሪነቱን ትቶ ወደ እናቱ አገር ወረደ። እጁ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አንዱ ሌላውን ሰፊ መሐላ ሊያስምል ሲል ሽማግሌዎች መሐል ይገቡና እንዲህ ይላሉ፦

ቁልፉን ያልሰጡት ሰው፣ ስለ ሌባው አይጠየቅም።

የእኔ አፍ እዚህ ይብቃው፤ ቃሉ እናንተ ዘንድ ይደር።